ጠብና ጥቃት፦ የቤት ውስጥ በደልን የማኅበረሰብ ጉዳይ የማድረግ ረጅም መንገድ

የቤት ውስጥ ጥቃት በጋብቻ፣ በዝምድና ወይም በአንድ ጣሪያ ሥር በመኖር ከተሳሰሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን ለመግዛት፣ ለማስፈራራት ወይም ለመጉዳት የሚፈጽመው በደል ነው። ዱላ ከመልኮቹ አንዱ ብቻ ነው። ስድብና ማዋረድ፣ ከዘመድና ከጎረቤት መለየት፣ የደከመችበትን ገንዘብ መንጠቅ፣ የቤት ወጪ መከልከል፣ ያለ ፈቃድ ለግንኙነት ማስገደድ፣ ልጆችን መያዣ አድርጎ ማስፈራራት ሁሉም ጥቃት ናቸው። በደሉ በሚስት ላይ ይበረታል፤ ነገር ግን ሕፃናትን፣ በእርጅና ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ወላጆችን፣ የቤት ሠራተኞችንና አልፎ አልፎም ባሎችን ያገኛል።

ጥቃትን ለመረዳት አስቀድሞ ከጠብ መለየት ያስፈልጋል። ጠብ በሁለት ተቀራራቢ አቅም ባላቸው ሰዎች መካከል የሚነሳ አለመግባባት ነው፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይቆጣሉ፣ ሲታረቁም ሁለቱም ይተዋሉ። በጥቃት ግን አንዱ ፈሪ፣ ሌላው ተፈሪ ሆኖ ይኖራል። የሚፈራው ሰው ቃሉን፣ እርምጃውን፣ ልብሱንና የሚጠይቀውን ዘመድ ሳይቀር በሌላው ፊት ገጽታ እየለካ ይውላል። በኢትዮጵያ ለጠብ የተሠራ ጥንታዊና ጠንካራ መፍትሔ አለ፤ እሱም ሽምግልና ነው። ከባዱ ችግር የሚመጣው ጥቃት እንደ ጠብ ተቆጥሮ ለዕርቅ ሲቀርብ ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በሕግ፣ በሕክምና፣ በመጠለያና በማኅበረሰብ ትምህርት የተደረገው ጥረት ሁሉ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ይህን ልዩነት ለማስረዳት የተደረገ ነው ማለት ይቻላል።

የችግሩ ስፋት

በኢትዮጵያ የቤት ውስጥ ጥቃት በሰፊ ጥናት ጎልቶ የታየው ከጉራጌ ምድር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ከ24,000 በላይ ሴቶችን ያነጋገረበትን ጥናት ሲያካሂድ በኢትዮጵያ የተመረጠው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በአካባቢው ትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ከባላቸው ወይም ከጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከጥናቱ በፊት በነበሩት 12 ወራት ብቻ ጥቃት የደረሰባቸው ከግማሽ ያልፋሉ። ይህ በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ ዝቅተኛው የተመዘገበው በጃፓን ከተማ ሲሆን 15 በመቶ ነበር።

በአገር አቀፍ ደረጃ ጥያቄው በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው ወይም ከትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ሁለቱ አኃዞች የሚለኩት የተለያየ ሕዝብ ስለሆነ በቀጥታ አይወዳደሩም። ሁለቱም የቆሙት ሴቲቱ ለመናገር በደፈረችው ልክ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ከጥቃቱ ብዛት ይልቅ ለትምህርት የሚጠቅመው ስለ አመለካከት የተጠየቀው ነው። ዳሰሳው ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ ብሎ አምስት ምክንያቶችን ያቀርባል፦ ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ብትዘነጋ፣ ግንኙነት ብትከለክለው። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ዱላው ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች በ2000 እ.ኤ.አ. 85 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ወደ 68፣ በ2016 ወደ 63 በመቶ ወረዱ። በዚሁ ዓመት ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ብቻ ናቸው። የወንዶቹ መልስ ዝቅ ማለቱ የልብ ለውጥም፣ ለጠያቂ የሚሰጥ የተስተካከለ መልስም ሊሆን ይችላል። የሴቶቹ መልስ ግን ዱላን እንደ ትዳር ወግ የመቀበል ትምህርት ከእናት ወደ ልጅ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል።

ዝምታው ከየት ይመጣል?

በዚያው ዳሰሳ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም ሰው ትንፍሽ አላሉም። እርዳታ ከጠየቁት አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ፖሊስ፣ ጠበቃና ሐኪም ዘንድ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው።

ለዝምታው የመጀመሪያው ምክንያት ገበና ነው። የቤትን ነገር ደጅ ማውጣት ራስንም ቤተሰብንም ማዋረድ ተደርጎ ይታያል። ሴትን ከአህያ ጋር አጣምረው ዱላን የሚያዙ ተረቶች፣ የማይመታ ባል አይወድም የሚለው አባባል፣ «በባልና ሚስት መካከል አትግባ» የሚለው ምክር ዝምታውን ያጠብቁታል። አፏን የከፈተች ሴት ብዙ ጊዜ የሚገጥማት መልስም የታወቀ ነው፦ «ምን አድርገሽው ነው?»፣ «ቻይው፤ ለልጆችሽ ስትይ»፣ «ትዳር እንዲህ ነው»።

ሁለተኛው ምክንያት የኑሮ ነው። በብዙ የገጠር አካባቢ ሴት የምታገባው ወደ ባሏ ቀዬ ሄዳ ነው። በዙሪያዋ ያሉት አማቶቿ፣ ሽማግሌውና የእድሩ ዳኛ የባሏ ወገኖች ናቸው። ቤቱን ጥላ ብትወጣ መሬት፣ ከብትና መጠለያ አይከተላትም። በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ በባልና ሚስት ስም መሰጠቱ፣ በአማራ ክልልም የሁለቱ ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ መለጠፉ ከጥቃት ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ነገር ግን «ከቤቱ ብወጣ ባዶ እጄን ነኝ» የሚለውን ፍርሃት በመቀነስ ረገድ ይህን ያህል የተጨበጠ ነገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የዕርቅ ሥርዓቱ ራሱ ነው። የተመታች ሚስት አኩርፋ ወደ ወላጆቿ ቤት ትገባለች። ሽማግሌዎች ይላካሉ፤ ባል ጥፋቱን ያምናል፣ ልብስ ይገዛል ወይም ካሣ ይከፍላል፣ ዋስ ይጠራል፣ እሷም ትመለሳለች። ሥርዓቱ ቤተሰብን ከመበተን አድኗል፤ ብዙ ደምም አድርቋል። ሆኖም ሽማግሌው የሚመዝነው የሁለቱን ጥፋት ነው፤ ዓላማውም ትዳሩን መመለስ ነው። ፍርሃት ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ሚዛን አይሠራም፦ እሷ በባሏ ፊት እውነቱን አትናገርም፤ ብትናገርም ማታ የምትመለሰው ወደዚያው ቤት ነው።

ሕጉ የሄደበት መንገድ

ሕጉም ለረጅም ጊዜ የባልን የበላይነት በጽሑፍ ያጸደቀ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርገዋል። ለቤቱ ጥቅም ሲል የሚስቱን ግንኙነት የመከታተልና አካሄዷን የመምራት ሥልጣንም ይሰጠዋል። ፍቺን የሚወስኑት ደግሞ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ከፍቶ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በጋብቻ ውስጥ የሴትንና የወንድን እኩልነት ደነገገ፤ ሴቶችን ከሚጎዳ ልማድም እንዲጠበቁ አዘዘ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን ራስነት አስቀረ፣ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ፆታዎች 18 አደረገ፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ሽማግሌዎች የቀራቸው የማስታረቅ ተግባር ነው። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብም ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ንብረትና ከትዳር ቤቱ ማን እንደሚወጣ ወዲያው ትእዛዝ የሚሰጥበት መንገድ ተቀመጠ።

የወንጀል ሕጉ ማሻሻያ ተከተለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ከጋብቻ ውጭ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት አንቀጾች እንደሚያስቀጣ በስም ጠቅሶ ደነገገ። ጠላፊ ሲያገባ ከቅጣት የሚድንበት በርም ተዘጋ። ከዚህ ለውጥ ጀርባ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር እየሰጠ፣ ከየመዝገቡ የተማረውን ለሕግ ማሻሻያ ሙግት አቀረበ። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2023 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ማኅበሩ የተከላከለበት የአንዲት ተጠላፊ ልጃገረድ ጉዳይም እ.ኤ.አ. በ2014 ለእይታ የበቃው «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም መነሻ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ሕጉ ክፍተት አለው። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ በሚል ቃል ገድቦ ስለሆነ፣ ባል ሚስቱን ማስገደዱ በዚህ አንቀጽ አይጠየቅበትም። ቀላል የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት ብዙውን ጊዜ የሚያስቀጡት ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። ስለዚህ «አቤቱታሽን አንሺ» የሚል የሽማግሌ ግፊት የክሱን ፋይል ሊዘጋው ይችላል። የወንጀል ክስ ሳይጠበቅ አጥቂው ወደ ተጎጂዋ እንዳይቀርብ የሚያዝ፣ ለቤት ውስጥ ጥቃት ተብሎ የተዘረጋ የጥበቃ ትእዛዝ ሥርዓትም አልተቀመጠም። ስሜታዊና ኢኮኖሚያዊ በደል በአካል ጉዳት አንቀጾች መለካቱ ደግሞ ቁስል የማይታይበትን ጥቃት ከሕጉ ዓይን ያርቀዋል።

በመሃል ሌላ እንቅፋት ገጠመ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በፆታ እኩልነት ላይ እንዳይሠሩ አገደ። ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ቢሮዎች ሠራተኛም አቅምም አጡ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ሲተካ እገዳው ተነሣ፤ በአሥሩ ዓመት የተበተነ ልምድና ባለሙያ ግን በአዋጅ አይመለስም።

ተጎጂን መርዳት

ተጎጂን የመርዳት ሥራ የሚጀምረው ቃሏን የመጀመሪያ በሰማው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያዎች ያወጣው መመሪያ ማንም አስተዋይ ሰው ሊይዘው የሚችል አምስት ነገር ያዝዛል፦ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ ምን እንደሚያስፈልጋት መጠየቅ፣ እሷን ማመንና «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት፣ ዛሬ ማታ ስለ ደኅንነቷ አብሮ ማሰብ፣ ወደሚረዳት አካል ማገናኘት። ምን አድርጋ እንደተመታች መጠየቅ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። በግዳጅ ግንኙነት ለተጎዳች ሴት ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ አምስት ቀን ይሠራል፤ ፈጥኖ መውሰዱ ግን ይሻላል። የወንጀል ሕጉ በመደፈር የመጣ እርግዝናን ማቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለዚህም የሴቲቱ ቃል በቂ ነው። የሕክምና ማስረጃውም ከቁስሉ ጋር ይጠፋል። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ሦስትና አራት ቀን ቤት መቀመጥ ከእነዚህ በሮች አንዳንዶቹን ይዘጋል።

ተጎጂዋ ታሪኳን ለሐኪም፣ ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለአማካሪ በየቢሮው እየዞረች ደጋግማ እንዳትናገር የታሰበው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው ማዕከል ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን፣ የፖሊስ ምርመራንና የዐቃቤ ሕግን ሥራ አንድ ቦታ አገናኘ። ተመሳሳይ ማዕከላትም በሌሎች ከተሞች ተከትለዋል። በልደታ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሕፃናት ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ ቃላቸውን የሚሰጡበት ችሎት የቆመውም ለተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ፍርሃት ምስክርነትን ይገድላል።

ሦስተኛው መጠለያ ነው። በቀድሞዋ ዳኛ ማሪያ ሙኒር የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ ከከፈተው መጠለያ ተነሥቶ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳም ደርሷል። ሴቶች ከነልጆቻቸው ይገባሉ፤ ምግብ፣ ሕክምና፣ የምክር አገልግሎት፣ የፍርድ ቤት ክትትልና የሙያ ሥልጠና ያገኛሉ። የመጠለያ አድራሻ በምስጢር ይያዛል፤ ለሴት ከሁሉ አደገኛው ጊዜ ጥላ የምትወጣበትና ከወጣች በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተችው የሴቶች መብት ተሟጋች ሴታዊትም «አለኝታ» በሚል ስም ነፃ የስልክ መስመር ከፍታለች። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው የከተማ አገልግሎት ነው። ከአንዲት የገጠር ቀበሌ ተነሥታ መጠለያ ድረስ የምትሄድ ሴት የመኪና ገንዘብ፣ ልጅ የሚይዝላት ሰውና መንገዱን የሚነግራት አንድ ታማኝ ያስፈልጋታል። ያ ታማኝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ነው። በየቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት የምትገባው በሥራዋ ስለሆነ፣ ባል ሳይጠራጠር ሚስትን ለብቻዋ ማነጋገር ከሚችሉ ጥቂቶች አንዷ ናት።

ከመቅጣት በፊት መከላከል፦ የማኅበረሰብ ትምህርት

ሕግና መጠለያ የሚደርሱት ጥቃቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ጥቃቱ ራሱ እንዲቀንስ የጎረቤቱ፣ የሽማግሌው፣ የነፍስ አባቱና የራሱ የባልየው ሐሳብ መለወጥ አለበት። ይህን የሚሠራው ትምህርት በአዳራሽ ሰብስቦ «ጥቃት መጥፎ ነው» ከማለት የተለየ ነው።

ለአሠራሩ ብዙ ያስተማረው በከምባታ የተደረገው ሥራ ነው። ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የከምባታ ሴቶች መረዳጃ ድርጅትን ሲመሠርቱ ሊያስቀሩት ስላሰቡት የሴት ልጅ ግርዛት ሕዝቡን በቀጥታ አላስተማሩም። መጀመሪያ ምን እንደሚቸግረው ጠየቁት፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ምርቱን ገበያ የሚያደርስ ድልድይ እንደሚያስፈልገው ነገራቸው፤ ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ። ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ሴት፣ ወንድ በየጊዜው እየተቀመጡ ጠለፋን፣ ግርዛትን፣ የሴት ልጅን ትምህርትና የባልን ዱላ አነሡ። ውይይቱ በራሱ በማኅበረሰቡ ውሳኔና ቃል ኪዳን ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በብዙ ሰው ፊት በይፋ ስትዳር ለውጡ ከወሬ ወደ ሥርዓት ተሸጋገረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ልማድን የያዘው የጋራ ፍርሃት ነው፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢተወው ይገለላል፤ በአደባባይ አብረው ሲተዉት ግን የሚፈራው ይጠፋል።

የትዳር ጥቃትን በቀጥታ ያነጣጠሩ ሥራዎችም ነበሩ። በአማራ ክልል በልጅነት ለተዳሩ ሚስቶች «መሠረት ሕይወት»፣ ለባሎቻቸው ደግሞ «አዲስ ብርሃን» የተሰኙ ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። ባሎች ለብቻቸው በአንድ አስተባባሪ ዙሪያ እየተሰበሰቡ ስለ ቤት ሥራ ክፍፍል፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ጤናና ስለ ሚስት አያያዝ ይወያያሉ። ወንድ ስለ ትዳሩ ከወንድ ጋር ያለ ቀልድና ያለ ፉከራ የሚነጋገርበት ቦታ ቀድሞ አልነበረም።

ከሁሉ በጥንቃቄ የተለካው ግን በጉራጌና በስልጤ አካባቢ በሚገኙ የገጠር ወረዳዎች የተካሄደው ነው። በ64 መንደሮች፣ ከ6,700 በላይ ቤተሰቦችን ያካተተ ጥናት መንደሮቹን በዕጣ በአራት ከፈለ፦ በአንዱ ሴቶች ብቻ፣ በሁለተኛው ወንዶች ብቻ፣ በሦስተኛው ባልና ሚስት ተማሩ፤ አራተኛው ለንጽጽር ቀረ። ትምህርቱ የተሰጠው በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ረከቦት ተዘርግቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ፈቃድና ስለ ኤች አይ ቪ ይወራ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም ተስፋ ሰጪው ለውጥ የታየው ወንዶች ለብቻቸው በተማሩበት ወገን ነው። ሴቶችን ለብቻ ማስተማር በራሱ ጥቃትን አልቀነሰም። ነገሩ ሲታሰብ አያስገርምም፦ የምትመታውን ሴት ስለ መብቷ ማስተማር ይጠቅማታል፤ ዱላውን የያዘው እጅ ግን የእሷ አይደለም።

የሌላ የምሥራቅ አፍሪካ አገር ልምድም ይህንኑ ያጠናክራል። በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ «ሳሳ» በተባለ ዘዴ የሠፈር ሰዎች ራሳቸው አስተማሪ ሆነው ስለ ሥልጣን አጠቃቀም ለዓመታት ከተነጋገሩ በኋላ፣ አካላዊ የትዳር ጥቃት ትምህርቱ ካልደረሳቸው ሠፈሮች በ52 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የተሳካላቸው ሥራዎች የሚመሳሰሉት በዚህ ነው፦ ጊዜ ይወስዳሉ፤ አስተማሪው ከሠፈሩ ነው፤ ወንዶችን እንደ ተከሳሽ ብቻ አያዩም፤ ጥያቄ ያነሣሉ እንጂ ትእዛዝ አይሰጡም።

መገናኛ ብዙኃን ሰፊውን ሕዝብ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ በ257 ክፍሎች ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጠለፋና ስለ ሴቶች ሕይወት አስተምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የመጣው «የኛ» የተሰኘው ዝግጅትም በድራማና በሙዚቃ ወጣት ልጃገረዶችን አነጋግሯል። ድራማ ስብከት የማይችለውን ይችላል፦ አድማጩ ስለ ባለታሪኳ ሲከራከር ስለ ጎረቤቱ፣ አንዳንዴም ስለ ራሱ ይከራከራል።

የሃይማኖት አባቶችም ከሁሉ የቀረበ ጆሮ አላቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የኦርቶዶክስ ምእመናን ከፖሊስ በፊት የሚያስታውሱት የነፍስ አባታቸውን ነው፤ ሙስሊሞችም ሼኩንና ኢማሙን። ተመራማሪዋ ሮሚና ኢስትራቲ በአክሱም አካባቢ ባካሄደችው ጥናት ብዙ ሰዎች ዱላን የሃይማኖት ሳይሆን የባህል ነገር አድርገው እንደሚለዩት አይታለች። «ድልድል» የተሰኘው ፕሮጀክትም ከዚህ ተነሥቶ ካህናት ትዳርን ከራሱ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት እየጠቀሱ ከዱላ እንዲለዩ የሚያግዝ ሥልጠና አዘጋጅቷል። ካህኑ ንስሐን ከደኅንነት ካልለየ፣ አጥቂው ንስሐ ገባ ማለት ሴቲቱ ከአደጋ ወጣች ማለት ይመስለዋል።

ባህሉም ራሱ የሚያግዝ ነገር አያጣም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያገባች ሴት የምትይዘው ሲንቄ በትር የክብሯ ምልክት ነው። አራስ ሴት ተመትታ ሲንቄ የያዙ ሴቶች እልልታ እያሰሙ ከየቤታቸው ከወጡ፣ ሽማግሌዎች ጥፋተኛውን ሳይቀጡ አይመለሱም። በሰባት ቤት ጉራጌም በትዳር ሕግ ላይ ሴቶችን አስከትላ ከሽማግሌዎች ሸንጎ የቀረበችው የቃቄ ወርድወት ስሟ እስከ ዛሬ ይነሣል። ሴት ዝም እንድትል የሚያስተምር ተረት ባለበት ምድር፣ ሴት ስትጮኽ የሚሰማ ሥርዓትም አብሮ ነበረ። ትምህርቱ ከዚህ ቢጀምር «ከውጭ የመጣ ነገር» ተብሎ አይገፋም።

ባሕር ማዶ

ጉዳዩ ከአገር የወጡትንም ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎችና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል የገቡት ኢትዮጵያውያን አይሁድ ከሕዝቡ ቁጥራቸው አንፃር ሲታይ በባላቸው እጅ ከተገደሉ ሴቶች መካከል ከድርሻቸው በላይ ሆነው ለዓመታት ተመዝግበዋል። ተመራማሪዎች የሚጠቅሷቸው ምክንያቶች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፦ ሚስት ቋንቋና ሥራ ቶሎ ስትይዝ ባል የነበረውን ቦታ አጣ፤ አገር ቤት ጠብን የሚያበርዱት ሽማግሌዎች ሥልጣናቸው ቀረ፤ የአዲሱ አገር ፖሊስና ማኅበራዊ ሠራተኛም አማርኛና ትግርኛ አያውቅም ነበር። በዚያ የሚሠሩ የማኅበረሰቡ አስታራቂዎችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ሽምግልናን ከሕጉ ጋር ማገናኘት የጀመሩት ከዚህ ጉድለት ነው።

በአሜሪካ ለሚኖሩት ደግሞ ትልቁ ማሰሪያ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። «ወረቀትሽን አስነጥቅሻለሁ» የሚለው ዛቻ ብዙዎችን ዝም አሰኝቷል። ሕጉ ግን ይህን አስቦበታል፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው ሕግ፣ የዜጋ ወይም የቋሚ ነዋሪ ባል ወይም ሚስት የሆነ ተጎጂ ያለ አጥቂው ፈቃድና እውቅና ራሱ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በ2000 የተጨመረው የዩ ቪዛም ፖሊስን የረዳ የወንጀል ተጎጂን ይጠብቃል። የጥበቃ ትእዛዝም በሁሉም ግዛቶች አለ። መረጃው በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በኮሙኒቲ ማኅበራት በኩል በአማርኛ ካልደረሰ ግን መብቱ ለባለመብቷ እንደሌለ ይቆጠራል።

የሚቀረው

የተከናወነውና የቀረው ሲመዘን በሦስት ዘርፍ ይከፈላል። ለሕግ የቀረው በትዳር ውስጥ ማስገደድን በወንጀልነት መደንገግ፣ የጥበቃ ትእዛዝን ማቋቋም፣ ቀላል የሚባለውን ጉዳት ከተጎጂዋ ትከሻ አውርዶ የዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ማድረግ ነው። ለአገልግሎት የቀረው ከከተማ ወደ ወረዳ መውረድ፣ መጠለያውንም በለጋሽ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በመንግሥት በጀት ማቆም ነው። ለትምህርት የቀረው ደግሞ የተለካውን የቡና ውይይትና የባሎች ቡድን ከሙከራ አውጥቶ በእድር፣ በማኅበር፣ በሰንበቴና በትምህርት ቤት ማስገባት ነው።

እድር ለዚህ አቅም አለው። ቤት ለቤት ይተዋወቃል፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ አባሉን ይቀጣል። ሰው ሲሞት ያለ ጥሪ የሚደርስ ጎረቤት፣ ሰው በሕይወት ሳለ በቤቱ ሲደበደብም እንዲደርስ በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር አዲስ ተቋም መገንባት አይጠይቅም። የሽማግሌውም ቦታ አይጠፋም፤ ይለያል። ጠብ የሆነውን ያስታርቃል፤ ጥቃት የሆነውን ደግሞ ለይቶ፣ ተጎጂዋን ከነልጆቿ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሕግ ያደርሳል።